የትንሿ መኪና መንቀጥቀጥ

ልጅን ከመቅጣት በፊት ነገሩን መርምሮ ማየት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሌላውም እንመክራለን። እኔም መምህር እንደመሆኔ ይህንኑ ምክር ለተማሪዎቼ ወላጆች ስሰጥ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ምክሩን በገዛ ቤቴ ስለዘነጋሁበት ጊዜ ነው። የነገሩ መነሻ ርዝመቷ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ በሪሞት የምትነዳ አንዲት ትንሽ መኪና ናት። እግረ መንገዴንም እንዲህ ያለች መኪና ቤታቸው ለገባች ቤተሰቦች የሚጠቅም አንድ ሙያ አካፍላለሁ፤ ይኸውም የጎማዋ ሚዛን እንዴት እንደሚስተካከል ነው።

ወንድሜ ለሥራ ሪያድ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። የ12 ዓመት ልጁ እዚህ ኮምቦልቻ ከእኔ ጋር እየኖረ ይማራል። ባለፈው ዓመት ለዒድ አል-ፊጥር አባቱ መኪናዋን ከሰው ጋር ላከለት። የልጁ ደስታ ወሰን አልነበረውም። እኔ መጀመሪያ በየሱቁ እንደሚሸጠው መጫወቻ መስላኝ ነበር፤ ፈታትቼ ሳያት ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ዲፍረንሻሌ አላት፤ ሰሚያስ አላት፤ በዘይት የሚሠራ ሾክ አብዞርበር አላት፤ እያንዳንዱ ጎማዋም በኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። የተሰበረ ዕቃዋ ተፈትቶ በሌላ ይተካል። መጠኗ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ ቢሆንም፣ ፍጥነቷ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

ሁለት ወር ያህል በሰላም ተነዳች። ከዚያ የቀኝ የኋላ ጎማዋ ከቸርኬው ለቀቀ። የእነዚህ መኪኖች ጎማ ካላማዳሪያ የለውም፤ አየርም አይሞላም። ውስጡ ስፖንጅ ነው፤ ጠርዙም በቸርኬው ላይ በሙጫ ይያያዛል። «አምጣው፣ እኔ እለጥፍልሃለሁ» አልኩና ሁለት ቱቦ ሱፐር ግሉ ገዝቼ ዙሪያውን አጠገብኩት። እንዲደርቅም ግድግዳ አስደግፌ አቁሜ አሳደርኩት። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁና።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ስትፈጥን መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት የዚያው ጎማ ኩሽኔታ ተሰባበረ፤ ዳዶውም ላልቶ ወደቀ። አባቱ ሌላ ኩሽኔታ ላከለት። በአሥረኛው ቀን ያም ተበላ።

«ከምን ጋር አጋጨሃት?» አልኩት።

«ወላሂ አጎቴ፣ ከምንም አላጋጨኋትም፤ ራሷ ናት የምትንቀጠቀጠው» አለኝ።

እኔ ግን አላመንኩትም። አባቱ በሰው አገር ለፍቶ የሚልከውን ገንዘብ እንደማያከብር፣ ጥፋቱን በመሐላ እንደሸፈነም አድርጌ ተናገርኩት። መኪናዋንም ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ልጁ አላለቀሰም። ለሦስት ሳምንት ግን ስጠራው «አቤት» ከማለት በቀር ከእኔ ጋር ወሬ አልነበረውም።

ጎሚስታው ያስተማረኝ

አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት የምመላለስበት ብስክሌት ጎማው ተነፈሰና በሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ወሰድኩት። እሳቸውም ለጥፈው ሲያበቁ ብስክሌቱን እንደተገለበጠ የፊት ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩት። ጎማው ዝግ እያለ መጣና አየር የሚሞላበት ቫልቭ ወደ ታች ሆኖ ቆመ። ደግመው አሽከረከሩት፤ አሁንም ቫልቩ ታች ሆኖ ቆመ።

«አየህ ኡስታዝ» አሉኝ፤ «የከበደው ወገን ሁልጊዜ ወደ ታች ይመጣል። ለብስክሌት ግድ የለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። መኪና ላይ ቢሆን ግን መሪህን ያንቀጠቅጥብህ ነበር። ለዚህ ነው ባላንስ ሲሠራ ቸርኬው ላይ እርሳስ የሚለጠፈው።»

«ያንቀጠቅጥብህ ነበር» ሲሉ የልጁ ቃል ትዝ አለኝ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በክብ መንገድ ስለሚዞር አካል የሚናገረውን ሕግ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼንም እፈትንበታለሁ። ከቤቴ የገባውን ግን በዚያ ሕግ ለማየት አላሰብኩም ነበር። ወደ ቤት ተመለስኩና ቁም ሳጥኑን ከፍቼ መኪናዋን አወጣሁ። ልጁንም ጠርቼ «ና፣ አንተ ያልከውን አብረን እንመርምር» አልኩት።

ስለ እነዚህ መኪኖች ጥቂት

ምርመራችንን ከመተረኬ በፊት እነዚህ መኪኖች ከየት ተነሥተው እዚህ ፍጥነት ላይ እንደደረሱ በአጭሩ ላውሳ። በሬዲዮ የሚነዱ ትናንሽ መኪኖች ለገበያ መቅረብ የጀመሩት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ኤልጂ የተባለ የጣሊያን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1966 የፌራሪ 250 ኤል ኤም አምሳያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ በጃፓን የሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው ታሚያ ኩባንያ የፖርሽ 934 አምሳያን አቀረበ፤ መጠኗም የእውነተኛዋ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ አርሲ10 የተባለችው ባለ አልሙኒየም ሻሲ የውድድር መኪና ወጣች።

የዚያን ጊዜዎቹ መኪኖች ሞተራቸው ካርቦን ያለው፣ ባትሪያቸውም ኒኬል ካድሚየም ነበር። ካርቦን የሌለው ሞተርና ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሲመጣ ግን ፍጥነቱ ሌላ ሆነ። ትራክሳስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣት ኤክስኦ-1 በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ናት። ፍጥነቱ ሲጨምር ቀድሞ ብዙም የማይታወቀው የጎማ ሚዛን መዛባት ጎልቶ መታየት ጀመረ።

አንዲት ግራም ምን ታደርጋለች?

የእኛዋ መኪና ጎማ ከዳር እስከ ዳር 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናዋ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ጎማው በሰከንድ 48 ጊዜ፣ በደቂቃም 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል። ስፋቱ 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእውነተኛ መኪና ጎማ በዚያው ፍጥነት በደቂቃ የሚዞረው 490 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ትንሹ ጎማ የትልቁን ያህል መንገድ ለመሄድ ስድስት እጥፍ ያህል መዞር አለበት ማለት ነው።

አሁን ከጎማው መሐል 4 ሳንቲ ሜትር ርቃ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተቀመጠች አንዲት ግራም አለች እንበል። ጎማው ሲዞር ይህች ግራም ወደ ውጭ ትጎትታለች። የጉተታው መጠን ክብደቷ፣ ከመሐል ያላት ርቀትና የዙሩ ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ፣ ሦስቱ ሲባዙ የሚገኘው ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ስናሰላው ግራሟ የ370 ግራም ዕቃ ያህል ትጎትታለች። ጉተታውም ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚዞር አክሱን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 48 ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንጠዋል።

ፍጥነቱ በራሱ የሚባዛ መሆኑን ልብ በሉ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ የዚያችው ግራም ጉተታ ከ90 ግራም እምብዛም አያልፍም። በ60 አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ160 ደግሞ የ60ው ሰባት እጥፍ ይደርሳል። ልጁ «ቀስ ስነዳት ደህና ናት፤ ስታስፈጥናት ነው የምትንቀጠቀጠው» ይለኝ የነበረው ለዚህ ነው። እኔ ግን ምክንያት የሚፈጥር መስሎኝ ነበር።

ይህ ንጠት የሚያርፈው በመጀመሪያ በኩሽኔታው ላይ ነው። ቀጥሎ ዳዶውና ቡሎኖቹ ይላላሉ። የፊት ጎማ ከሆነ ደግሞ መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ጥርሶቹ ይበላሉ። መኪናዋም መሬቱን በደንብ አትጨብጥም፤ ጎማው በየዙሩ ሊነሣ ስለሚል በመታጠፊያ ላይ ትንሸራተታለች።

ሚዛኑን የሚያዛባው ምንድን ነው?

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ጎማው ሲመረት በአንድ ወገን ሊወፍር ይችላል። ስፖንጁ ብዙ ጊዜ ከረጅም ቁራጭ ተቆርጦ ጫፍና ጫፉ በሙጫ የተገጠመ በመሆኑ መጋጠሚያው ይከብዳል። ሙጫው አንድ ቦታ ተከማችቶ ሊደርቅ ይችላል። በአየር መውጫው ቀዳዳ ጭቃና ውኃ ይገባና ስፖንጁ ይጠጣዋል። ስለዚህ ትናንት ደህና የነበረ ጎማ በዝናብ ማግስት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ለዚህኛው ብዙዎች የሚያደርጉት የቸርኬውን ቀዳዳ ዘግተው በጎማው ፊት ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ጎማው ሲሽከረከር ውኃው በዚያ ተረጭቶ ይወጣል።

በቤት ውስጥ እንዴት ይመዘናል?

ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መመዘኛ አለ። መጀመሪያ የተሠራው የትናንሽ አውሮፕላኖችን መዘውር ለማመዛዘን ነው፤ እኛ ግን አልነበረንም። ካለን ዕቃ የሠራነው እንደሚከተለው ነው።

ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት ጣውላዎች ላይ ሁለት የብረት ማስመሪያዎችን በጠርዛቸው አቁመን አሰርን። በመካከላቸው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተውን፤ ከጠረጴዛው ያላቸውም ከፍታ ጎማው ታች እንዳይነካ የሚበቃ ነበር። ከዚያ ውፍረቱ የመኪናዋን አክስ ያህል የሆነ፣ 5 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ አገኘን። ቀጥ ማለቱን በመስታወት ላይ አንከባልለን አረጋገጥን። ዘንጉን ባዶውን በማስመሪያዎቹ ላይ ስናስቀምጠው ወደ አንድ ወገን ከተንከባለለ ጠረጴዛው አልተስተካከለም ማለት ስለሆነ፣ ከእግሩ ሥር ወረቀት እያጠፍን አስተካከልነው።

ቀጥሎ ጎማውን የሚይዘውን ባለ 6 ማዕዘን መያዣ ከመኪናዋ ፈትተን ዘንጉ ላይ አስገባነው። በአንድ አሥረኛ መኪኖች ላይ ይህ መያዣ ብዙ ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፍ ባሉት አንድ ስምንተኛ መኪኖች 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎማውን በእሱ ላይ ገጥመን፣ እንዳይንሸራተት በግራና በቀኝ ዘንጉ ላይ ፕላስተር ጠመጠምን።

ጎማውን በማስመሪያዎቹ ላይ አስቀምጠን ስንለቀው ተወዛውዞ ቆመ። ልጁ የታችኛውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ሦስት ጊዜ ደጋገምን፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠመኔው ታች ሆነ። ከዚያ ልጆች ቅርጽ ከሚሠሩበት ማጣበቂያ ጭቃ ቆንጥረን ከምልክቱ ትይዩ በላይኛው በኩል፣ ከቸርኬው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ጎማው አሁንም በዚያው ከዞረ እንጨምራለን፤ ጭቃው ወደ ታች ከመጣ እንቀንሳለን። በመጨረሻ በየትኛውም በኩል ስናቆመው ባለበት ቆመ። ይህ ሲሆን ሚዛኑ ተስተካከለ ይባላል።

ጭቃውን ጠቅልለን ወደ አንድ የማውቃቸው ወርቅ ሠሪ ወሰድነውና በወርቅ ሚዛናቸው ላይ አስቀመጡት። አራት ግራም ሆነ። ልጁ በጣቱ እየቆጠረ አሰላው። አራት ጊዜ 370 ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ያ ጣት የማትሞላ ኩሽኔታ በየዙሩ የምትሸከመው ይህን ነበር።

አራት ግራም ብዙ ነው። ሌሎቹን ሦስት ጎማዎች ስንመዝን ከአንድ ግራም ተኩል ያለፈ አልነበረባቸውም። እንዲህ ሲሆን እርሳስ ከመለጠፍ በፊት ምክንያቱን ማስወገድ ይሻላል። ሱፐር ግሉ በፈላ ውኃ ስለሚለቅ፣ ጎማውን ለምግብ በማይውል አሮጌ ድስት ውስጥ ቀቅለን ከቸርኬው አላቀቅነው።

በውስጡ ያየነው ይህ ነው። ከዙሪያው በአንድ ቦታ ሙጫው ተከማችቶ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ስፖንጁንም አርሶ አጠንክሮታል። ጎማውን ግድግዳ አስደግፌ ባቆምኩባት ሌሊት ሙጫው ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ተጠራቅሞ ነበር። ልጁ የደረቀውን ሙጫ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። እኔም የምለው አልነበረኝም።

ሲለጠፍ ሊደረግ የሚገባው

ሙጫውን ፍቀን፣ ስፖንጁንም አጥበን አደረቅነው። የጠነከረውን ክፍል በጥፍር እየፈረፈርን አነሣን። በዚህ ጊዜ ጎማውን ከመለጠፋችን በፊት ባዶ ቸርኬውን ብቻ መዝነን ከባድ ቦታውን አገኘን፤ የስፖንጁን መጋጠሚያም ከዚያ ትይዩ አደረግነው። አንዱ ክብደት ሌላውን ያቃልላል። ሙጫውን ጠብታ በጠብታ፣ በቀጭኑ፣ ዙሪያውን እኩል አደረግን። ሲደርቅም ጎማውን በጎኑ አስተኛነው እንጂ አላቆምነውም። እንደገና ስንመዝነው የጎደለው ከአንድ ግራም በታች ሆኖ ተገኘ።

የቀረውን በእርሳስ ሞላነው። ለመኪና ባላንስ ከሚለጠፈው እርሳስ ጎሚስታው ቁራጭ ሰጡን። እርሳሱ የሚለጠፈው ወደ አክሱ በሚያየው የቸርኬው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ ጎማው ሲዞር ግድግዳው ላይ ይበልጥ ይጫናል እንጂ አይፈነጠርም። የሚቻል ከሆነ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ወደ ውስጠኛው፣ ግማሹ ወደ ውጭኛው ጠርዝ ቢሆን ይመረጣል። ሁሉም በአንድ ጠርዝ ከሆነ ጎማው በዘንግ ላይ የተመዛዘነ ቢመስልም በፍጥነት ሲዞር ወደ ጎን ሊወላገድ ይችላል። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ቆርጦ የሚለጥፈው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ከዚያ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ ጥንቃቄም አለ። ብዙዎች ጎማው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለማየት መኪናዋን በእጅ አንሥተው እስከ መጨረሻው ያሽከረክሯታል። ይህ አደገኛ ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ተይዞ ሌላው ነጻ ከሆነ በዲፍረንሻሌው ምክንያት ነጻው በእጥፍ ፍጥነት ይዞራል። ላስቲኩም በፍጥነት ሲዞር እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ከቸርኬው ተላቆ ፊትና ዓይን ሊመታ ይችላል። መፈተን ካስፈለገ በዝግታ፣ ፊትን አርቆ ይሁን።

ደግሞም ሁሉም መንቀጥቀጥ ከሚዛን የሚመጣ አይደለም። አክሱ ከተጣመመ፣ የ6 ማዕዘኑ መያዣ ከተበላ ወይም ቸርኬው ከተወላገደ እርሳስ ቢለጠፍበት ለውጥ የለውም። ስለዚህ አስቀድሞ ጎማውን በቀስታ አዙሮ ወደ ግራና ቀኝ መወላገድ አለመወላገዱን በዓይን ማየት ይገባል።

የመጨረሻው ሥራ

በማግስቱ ጁሙዓ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወሰድናት። ልጁ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በሙሉ ፍጥነት ነዳት። ከሩቅ ትሰማ የነበረችው ኩርርር የምትል ድምፅ የለችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ቀጥ ብላ ተመለሰች።

ያን ጊዜ ከአጠገቡ ቁጭ ብዬ «አጥፍቻለሁ፤ አፉ በለኝ። ሙጫውን ያበዛሁት እኔ፣ ስትምልልኝም ያላመንኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። ልጁ መሬት መሬት እያየ ቆየና «አፉ ብያለሁ አጎቴ» አለኝ። ማታ ሪያድ ለወንድሜ ደወልኩ። ልጁ ሁለተኛውን ኩሽኔታ እንዳበላሸ አድርጌ ነግሬው ስለነበር፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር ልጁ እየሰማ ነገርኩት። ለእኔ ከሚዛኑ ሥራ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር።

እነሆ ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሆነ። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ አራቱንም ጎማዎች ፈትቶ በማስመሪያዎቹ ላይ ይመዝናል፤ በዝናብ ከነዳትም በማግስቱ ይደግማል። ኩሽኔታው ያው የድሮው ነው፤ አልተቀየረም።